ከካሉብ እስከ አዲስ አበባ ቧንቧ ለምን አይዘረጋም? ቦቴውስ እስከ መቼ?

ጥያቄ — ሰሚት_ኮንዶ

ሰላም ለሁላችሁ። በሶማሌ ክልል ያለው የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያው ምዕራፍ መስከረም 2018 ዓ.ም. ሲመረቅ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ያመርታል ተብሏል። ቧንቧ ስለሌለ ከዚያ የሚወጣው በቦቴ ነው። ሦስት ነገር ግልጽ አልሆነልኝም።

ጋዙ ካለ ቧንቧውን ለምን አይዘረጉም? እ.ኤ.አ. በ2019 እስከ ጅቡቲ ለሚደርስ 767 ኪሎ ሜትር መስመር ስምምነት ተፈርሞ አልነበር? ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ለኮሪደር ልማት ተቆፍራ ክፍት ሳለች የጋዝ ቧንቧውን አብሮ መቅበር አይሻልም? ሦስተኛ፣ ጋዙ አንድ ቀን እኛ ሰፈር ቢደርስ አሁን በሲሊንደር የምጠቀምበት ምድጃ ይሠራል ወይስ ሌላ ልገዛ ነው? ሙያው ያላችሁ በቁጥር ብታስረዱን።

መልስ — የመስመር_መሐንዲስ

ሰላም ሰሚት። መጀመሪያ ሊትሩን ወደ ጋዝ እንመልሰው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ፈሳሹ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ላይ ነው ያለው። ሞቆ ወደ ጋዝ ሲመለስ 600 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። 111 ሚሊዮን ሊትር በቀን ሲካፈል 304 ሜትር ኩብ ፈሳሽ ነው፤ በጋዝ 182 ሺህ ሜትር ኩብ። 50 ሜትር ኩብ የሚይዝ የቦቴ ታንክ የሚሞላው እስከ 90 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው ፈሳሹ ሲሞቅ ለሚሰፋበትና ለሚተነው ጋዝ ይተዋል። ስለዚህ አንድ ቦቴ 45 ሜትር ኩብ፣ በቀን ሰባት ቦቴ። እስከ አዲስ አበባ መንገዱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ መሄጃ ሦስት ቀን፣ መመለሻ ሦስት ቀን፣ መሙያና ማራገፊያ አንድ ቀን ብንል ሥራውን ሁሉ 50 ቦቴ ይሸፍነዋል።

አሁን በዚያው ቁጥር ቧንቧ እንሞክር። ለ182 ሺህ ሜትር ኩብ 8 ኢንች ቧንቧ ይበቃል። ቀጭን ነው፣ ግን ቦዩ ቀጭን አይሆንም፤ ለ8 ኢንችም ለ26 ኢንችም ኤክስካቫተሩ ያው ነው፣ የመሬት ካሣውም፣ የወንዝ ማቋረጫውም ያው። 1,000 ኪሎ ሜትር በ12 ሜትር ቧንቧ ሲገጣጠም ከ83 ሺህ በላይ ብየዳ ነው፤ እያንዳንዱ በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ ይታያል። የብረቱ ክብደት ብቻ ከ36 ሺህ ቶን ያልፋል። ይህን ሁሉ ለሰባት ቦቴ ጭነት የሚያበድር ባንክ የለም።

ቧንቧን የሚጠራው ገዢው ነው፤ ጉድጓዱ ብቻውን አይጠራውም። የካሉብ ጋዝ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የአሜሪካው ኩባንያ ቴኔኮ ሲቆፍር ነው፤ ቀጥሎ ሶቪየቶች ቆፍረዋል። ጋዝ ጠፍቶ አልነበረም ሃምሳ ዓመት የተቀመጠው። ሞዛምቢክን ተመልከት፦ የፓንዴ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1961 ተገኝቶ እስከ 2004 ተኝቷል። የቀሰቀሰው የደቡብ አፍሪካው የነዳጅና ኬሚካል ኩባንያ ሳሶል ነው። ደቡብ አፍሪካ ሴኩንዳ ላይ ትልቅ ፋብሪካ ስለነበረው፣ እዚያው ሞዛምቢክ ካለው የቴማኔ መስክ 865 ኪሎ ሜትር፣ 26 ኢንች ቧንቧ ተዘረጋለት። በዓመት ስንት ሜትር ኩብ እንደሚወስድ አስቀድሞ የፈረመ አንድ ገዢ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የእኛስ ገዢ ማነው? ኤሌክትሪክ እንዳትለኝ። 182 ሺህ ሜትር ኩብ ጋዝ ጥሩ በሆነ ተርባይን 38 ሜጋ ዋት ገደማ ያለማቋረጥ ያመነጫል፤ 5,150 ሜጋ ዋት ያለው የሕዳሴ ግድብ ባለበት አገር ለዚያ ብሎ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚቆፍር የለም። ሲሚንቶ ግን ሌላ ነው። በቀን 2,500 ቶን ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ድንጋይ) የሚያወጣ አንድ ማቃጠያ ምድጃ በቶን 3.4 ጊጋ ጁል ቢፈልግ በቀን 230 ሺህ ሜትር ኩብ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ምርት በሙሉ ውጦ ገና ይራባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ገዢ ጎዴ ነው። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ስምምነት የተፈረመበት የማዳበሪያ ፋብሪካ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ያመርታል ተብሎ ታስቧል። አንድ ቶን ዩሪያ ለማገዶና ለጥሬ ዕቃ በድምሩ 600 ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ ይበላል። በዓመት 1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 27 እጥፍ። ቦታውም ከጋዙ መስክ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የአገሪቱን የመጀመሪያ እውነተኛ የጋዝ መስመር የምትፈልገው ከሆነ ወደ አዲስ አበባ አትመልከት፤ ከካሉብ ወደ ጎዴ ተመልከት። ጅቡቲም ቢሆን ያው ነው፤ ወደብ ላይ ጋዙን ወደ ፈሳሽ የሚቀይር ፋብሪካ ሠርቶ ጋዙን የሚገዛ በፊርማ ካልተገኘ 767 ኪሎ ሜትሩ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ምዕራፍ 1.33 ቢሊዮን ሊትር ከደረሰ ስሌቱ ይገለበጣል። በቀን ከ80 ቦቴ በላይ፣ በጠቅላላ 570 ያህል ተሽከርካሪ በዚያ መንገድ ላይ። ያኔ የቧንቧ ወሬ ከልብ ይሆናል።

መልስ — ቢጫ_ቧንቧ

የመስመር መሐንዲሱ ያለው ልክ ነው፤ እኔ የኮሪደሩን ልመልስ።

በሐሳብ ደረጃ ጥሩ ነው፣ በተግባር አልደግፈውም። ጋዙ በየት እንደሚገባ ሳይታወቅ የተቀበረ ቧንቧ ዲያሜትሩ በግምት ነው የሚመረጥ። 63 ሚሊ ሜትር ቀብረህ 160 ቢያስፈልግ ኮብልስቶኑን እንደገና ልታነሣ ነው። ደግሞ ባዶ ቧንቧ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጫፉ በብየዳ ካልተደፈነ አፈርና ውሃ ይገባዋል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ጋዝ ስትለቅበት ውሃው ዝቅ ባለው ቦታ ተኝቶ መንገዱን ይዘጋል። የግድ ይቀበር ከተባለ ጫፎቹ ተበይደው፣ 1 ወይም 2 ባር አየር ተሞልቶበት፣ መለኪያ ተገጥሞለት በየወሩ ይነበባል። ግፊቱ የወረደ ቀን አንዱ ተቋራጭ በዶማ እንዳገኘው ታውቃለህ።

በከተማ ውስጥ የሚቀበረው ብረት አይደለም፤ ፒኢ100 የሚባለው ፖሊኢትሊን ነው፣ ቢጫ ወይም ቢጫ መስመር ያለው። ለውሃ ከምናውቀው ኤችዲፒኢ ጋር ወንድማማች ነው፤ ግን የውሃውን አምጥቶ ለጋዝ መቅበር ክልክል ነው። የሰፈር መስመር ብዙውን ጊዜ እስከ 4 ባር ነው የሚሠራው። ጥልቀቱ መንገድ ሥር ከ75 ሳንቲ ሜትር አያንስም። ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ ከላዩም አሸዋ፤ ድንጋይ በቀጥታ ከነካው ዓመታት ቆይቶ ነጥቡ ላይ ይሰነጠቃል። ከቧንቧው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ይነጠፋል፤ ፕላስቲክ ቧንቧ በብረት ፈላጊ መሣሪያ ስለማይገኝ አብሮት ሽቦ ይሄዳል።

የሚበላሸው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ መገጣጠሚያው ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በኤሌክትሪክ የሚበየደው መገጣጠሚያ ውስጡ ሽቦ አለው፤ ማሽኑ ባር ኮዱን አንብቦ ቮልቴጁንና ሰዓቱን ራሱ ያወጣል። ሰው ይህን ሲያይ ማሽኑ ሁሉን የሠራ ይመስለዋል። ማሽኑ የማይሠራው ፍቀቱን ነው። የቧንቧው ላይኛ ቆዳ በአየርና በፀሐይ ኦክሳይድ ሆኗል፤ ከዙሪያው 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል በመፋቂያ ካልተላጠ ሁለቱ ፕላስቲኮች ይነካካሉ እንጂ አይዋሐዱም። የግፊት ፈተናውን ያልፋል። ማሽኑም የተሳካ ነው ብሎ ያትማል። ከሁለት ክረምት በኋላ መሬቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ እንደ ኮፍያ ይወልቃል። በብርጭቆ ወረቀት ማሸትም መፋቅ አይደለም። ከተፋቀ በኋላ በእጅ መንካት የለም፤ የእጅ ወዝ ይበቃል ብየዳውን ለማበላሸት። በአልኮል ጨርቅ ተጠርጎ፣ ቧንቧውን አጥብቆ የሚይዘው ማቀፊያ ተገጥሞ፣ ማቀዝቀዣው ሰዓት እስኪያልቅ አይነቀነቅም። ማቀፊያውን ቶሎ አውልቆ ወደ ቀጣዩ የሚሮጥ ቡድን ካየህ ያ መስመር ላይ ቤት አትሥራ።

ጫፍ ለጫፍ የሚበየደው ደግሞ በ220 ዲግሪ ገደማ በጋለ ሳህን ነው። ንፋስ ካለ ድንኳን ይተከልለታል፤ አለበለዚያ የሳህኑ አንድ ወገን ይበርዳል።

ለኮሪደሩ ሠራተኞች አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ ቢፈቀድልኝ፦ ጋዝ ይምጣም አይምጣም የተቀበረውን ሁሉ በኮኦርዲኔት መዝግቡት። የጋዝ ቧንቧ ከቴሌ ቱቦና ከፍሳሽ ማንሆል መራቅ አለበት፤ የሚያፈስ ጋዝ አፈሩን ሰብሮ ወደ ላይ ከመውጣት ባዶ ቱቦ ይዞ 100 ሜትር ሄዶ የሰው ምድር ቤት መግባት ይቀልለዋል። ቱቦዎቹ የት እንዳሉ የማያውቅ ከተማ የጋዝ መስመር ሊዘረጋ አይገባም።

ሰሚት_ኮንዶ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። ታዲያ ከቦቴው ወደ ሰፈር እንዴት ይገባል? ያለ ረጅም መስመር ሰፈር ብቻውን ኔትወርክ ሊኖረው ይችላል? የምድጃውንም ጥያቄ አትርሱብኝ።

መልስ — የመስመር_መሐንዲስ

ይችላል፤ ብዙ አገር እንዲያ ነው የጀመረው። ቦቴው ቫኪዩም ባለው ድርብ ታንክ ውስጥ ይገለብጣል፤ ከዚያ ፈሳሹ በአሉሚኒየም ክንፎች የተሠራ ማትነኛ ውስጥ ያልፋል፣ የሚያሞቀው ተራ አየር ነው። እሳት የለም፣ ፓምፕም አብዛኛውን ጊዜ የለም። ችግሩ በረዶ ነው። የአየሩ እርጥበት ክንፎቹ ላይ እየጋገረ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሙቀት ማሳለፉን ያቆማል። ለዚህ ሁለት ማትነኛ ይተከልና በየስድስት፣ በየስምንት ሰዓቱ ይፈራረቃሉ፤ አንዱ ሲሠራ አንዱ ይቀልጣል። አንድ ብቻ ተክሎ ገንዘብ ለማትረፍ የሞከረ በሐምሌ ለሊት ይቀጣል፦ ያልሞቀ ጋዝ ወደ ፕላስቲኩ ቧንቧ ይገባል፣ ፕላስቲኩ ይሰባበራል። ከማትነኛው በኋላ ሙቀቱ ሲወርድ መስመሩን በራሱ የሚዘጋ ቫልቭ ግዴታ ነው።

ሽታም እዚያው ነው የሚጨመረው። የተፈጥሮ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ፈሳሹ ላይ ሽታ ቢጨመርበት ደግሞ በዚያ ቅዝቃዜ በረዶ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከተነነ በኋላ፣ ወደ ሰፈር ከመግባቱ በፊት ይንጠባጠብበታል። መመዘኛው ቀላል ነው፦ ጋዙ አየር ውስጥ 5 በመቶ ሲደርስ ሊፈነዳ ይችላል፤ አፍንጫ ግን ገና 1 በመቶ ሳለ መለየት አለበት። አዲስ የብረት ቧንቧ ሽታውን እየመጠጠ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያታልላል፤ ጠረኑን በመስመሩ ጫፍ እየለኩ መጠኑን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ታንኩ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጥቂት ጥቂቱ በየቀኑ ይተናል፤ ተጠቃሚ ከሌለ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ በመተንፈሻው ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህ ጣቢያው መጀመሪያ ዳቦ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ ፋብሪካ ይዞ ነው የሚቆመው፤ ቤቶች በኋላ ይጨመራሉ። የሰፈር ኔትወርክ ከወጥ ቤት አይጀምርም።

መልስ — ከፍታ_2355

ስሌታችሁን ወድጄዋለሁ፣ ግን ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ፦ ያ ሜትር ኩብ የባሕር ጠለል ሜትር ኩብ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 765 ሚሊ ባር ገደማ ነው፣ ባሕር ዳርቻ 1,013። ቤት ውስጥ ጋዙ በ20 ሚሊ ባር ይገባል፤ 785 ለ1,013 ሲካፈል 0.775 ነው። ስለዚህ ቆጣሪው ላይ 1 ሜትር ኩብ ሲዞር በእጅህ የገባው ጋዝ ከመደበኛው ሜትር ኩብ ሦስት አራተኛ ጥቂት የበለጠ ብቻ ነው። ታሪፍ የሚያወጣው ክፍል ይህን ማስተካከያ ካልጻፈበት ደንበኛው ከአምስት ብር አንዱን ላልተቀበለው ጋዝ ይከፍላል። አሁን ነው መጻፍ ያለበት፣ የመጀመሪያው ቢል ከወጣ በኋላ አይደለም።

በሲሊንደር ቋንቋ ላስቀምጠው፦ 12.5 ኪሎ ሲሊንደር ጉልበቱ 15.5 መደበኛ ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። አዲስ አበባ ያለ ቆጣሪ ላይ ግን 20 ይነበባል።

የምድጃው ጉዳይ። ምድጃህ አይጣልም፣ ኖዝሉ (ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ጫፍ) ግን ይቀየራል። የሲሊንደሩ ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ሙቀት ከተፈጥሮ ጋዝ ከእጥፍ በላይ ነው፣ የሚገባውም 30 ሚሊ ባር ገደማ ባለው ግፊት ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ትንሽ ነው፤ ለመካከለኛ እሳት 0.65 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ለተፈጥሮ ጋዝ በ20 ሚሊ ባር ወደ 0.97 ይሰፋል። ሳትቀይር ብትለኩሰው እሳቱ ተንጠልጣይና ደካማ ሆኖ በትንሽ ንፋስ ይጠፋል፤ ጋዙ ግን መውጣቱን አያቆምም። በተቃራኒው ለተፈጥሮ ጋዝ የሰፋ ኖዝል ላይ ሲሊንደር መልሰህ ብታገናኝ ቢጫ፣ ጥላሸት የሚተፋ፣ ድስቱን አልፎ የሚወጣ እሳት ታገኛለህ። የመጀመሪያው ኖዝልህ አብሮ ተቀምጦ ይቆይ፣ ምድጃው ላይም የተቀየረበት ቀን ይጻፍበት። ቀዳዳውን በመርፌ ወይም በድሪል ማስፋት የለም፤ ክብነቱ ከተበላሸ አየሩ በትክክል አይቀላቀልም።

ይህ ትንሽ ሥራ አይምሰልህ። እንግሊዝ ከከሰል ከሚሠራ ጋዝ ወደ ሰሜን ባሕር ጋዝ ስትዞር እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1977 ድረስ 13 ሚሊዮን ያህል ደንበኛ ቤት ለቤት ተጎብኝቶ ነው ምድጃው የተቀየረው። የቧንቧውም ጣጣ ሌላ ነበር፤ የድሮው ጋዝ እርጥብ ስለነበር የብረቱን መገጣጠሚያ ቃጫ አርጥቦ ይይዘው ነበር፣ ደረቁ ጋዝ ሲመጣ ቃጫው ደርቆ ማፍሰስ ጀመረ። እኛ ያረጀ መስመር ስለሌለን ከዚህ ድነናል።

የከፍታው ነገር እሳቱም ላይ አለ፤ በዚያው ኖዝል አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ዳርቻ 12 በመቶ ገደማ ያነሰ ሙቀት ነው የሚሰጠው። ሽሮ አይሰማውም፤ የእንጀራ ምጣድ ይሰማዋል፣ ሙቀቱ ከሊጡ ጋር እኩል ካልሄደ ዓይን አይወጣለትም። ለምጣድ የሚሠራ ማቃጠያ እዚሁ ተሞክሮ ነው መመዘን ያለበት።

ቢጫ_ቧንቧ

@ከፍታ የቆጣሪው ነገር እውነት ነው፣ አመሰግናለሁ። እኔም አንድ ልጨምር። የውጭ አገር የንድፍ መጽሐፍ 1,000 ቤት ሁሉ በአንድ ጊዜ ምድጃ አይለኩስም ብሎ ከሙሉው ጭነት ሩቡን ያህል ብቻ ይይዛል። አንድ ባለ አራት ዓይን ምድጃ 0.8 ሜትር ኩብ በሰዓት ቢወስድ 200 ሜትር ኩብ በሰዓት ይበቃል ማለቱ ነው። የፋሲካ ዋዜማን አያውቅም። ለሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ዶሮ ወጥ እንዲደርስ ከማታ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ሽንኩርት ያቁላላል። በዚያ ላይ መብራት ከጠፋ በኤሌክትሪክ ምድጃ የነበረውም ወደ ጋዝ ይመጣል። እኔ ለአዲስ አበባ ከግማሽ በታች አልነድፍም፤ 90 ሚሊ ሜትር የነበረው 110 ይሆናል፣ የዋጋ ልዩነቱ ከቁፋሮው ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ሰሚት_ኮንዶ

ገባኝ። የመጨረሻ፦ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፣ የጋዝ ጠቋሚ ማስጠንቀቂያ ገዝቻለሁ፣ ወለል አጠገብ ነው የተሰቀለው። ልክ ነው?

ከፍታ_2355

አሁን ላለህ ሲሊንደር ልክ ነው፤ ያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ጠቋሚውም ከወለል 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰቀላል። የተፈጥሮ ጋዝ ግን ቀላል ነው፣ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ያኔ ጠቋሚው ከኮርኒሱ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሰቀላል፣ ያውም ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ከሆነ። ጀርባውን ገልብጠህ አንብበው፣ የትኛውን ጋዝ እንደሚለይ ተጽፎበታል። ወጥ ቤትህ ላይ ከላይ አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ በስኮች ተለጥፎ ከሆነም ከአሁኑ አንሣው።